ከነታርጋው ይውሰዱት

ማክሰኞ

ምነው ምላሴን በቆረጠው! አሮጌዋን ቶዮታዬን የተጣላ ለሚያስታርቁት ሽማግሌ ለጋሽ ይማም ሸጥኩላቸው፣ እሱስ ደግ። ግን ከነታርጋዋ ሰጥቻቸው አረፍኩት። ልጄ ሂክማ በመጀመሪያ ደሞዟ ያሠራችልኝን፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «እማዬ» የሚለውን ታርጋ!

ልጄ ስንቴ ነግራኛለች። «እዚህ አገር ስም ያለው ታርጋ ያንቺ ነው፣ ከመኪናው ጋር አይሄድም። ሳትሸጪ በፊት ፍቺውና አዲሷ መኪና ላይ ትራንስፈር እናደርገዋለን፣ ኦኬ?» ካቻቢቴ ሳይቀር ገዝታ ሱቄ አስቀምጣልኛለች። እኔ ደግሞ ደንበኛ በዛብኝና፣ ሰውየው ሲመጡ እፈታዋለሁ ብዬ ተውኩት።

መጡ። መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ከኋላ ቆሙ። «ይሄ ምን ይላል ልጄ?» «እማዬ ነው የሚለው፣ ጋሼ።» ታርጋውን በጣታቸው ዳሰሱት። «እኔም እናቴን እማዬ ነበር የምላት። አፈር እንኳ አላለበስኳትም» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ፊቴ ቆመው እንዲያ ሲሆኑ ምን ልበል? «ከነታርጋው ይውሰዱት» አልኩ።

ደንቡ እኮ የታወቀ ነው። እኔ «ይውሰዱት» እላለሁ፣ እሳቸው «ኧረ በጭራሽ» ይላሉ፣ እኔ ፈትቼ አስቀራለሁ፣ ተመራርቀን እንለያያለን። እሳቸው ግን «አላህ ይስጥልኝ» ብለው መኪናዋን አስነስተው ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ረቡዕ

ሂክማ ቤልቪው ከተማ ካለው ሥራዋ በቀጥታ ሱቄ መጣች። የታርጋውን ማዛወሪያ ወረቀት ሞልታ ጨርሳለች። ካቻቢቴውን አንስታ «የት አለ?» አለችኝ።

ሰው ሰጠሁት ማለት አቃተኝ። ያኔ ታርጋውን ስትሰጠኝ እንዴት እንደሳቀች ትዝ አለኝ። እና ምን አልኩ? «ተሰረቀ።» ፈትቼ ሱቁ በር ላይ አስደግፌው፣ ለደንበኛ ቅመም ልመዝን ስገባ ወሰዱት አልኩ። ዝርዝሩ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ እንደምዋሽ አላውቅም ነበር።

«ውይ እማዬ!» ብላ አቀፈችኝ። እንደሱ ሆኖ በቀረ። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ለፖሊስ ኮል አደረገች፣ ስፒከር ላይ። ከዛ ማዶ ያለችው ሴትዮ ባለቤቷ ራሷ ትናገር አለች። እኔ፣ ዘይነብ፣ በገዛ አፌ «የስ፣ ስቶለን» አልኩ። የሂክማን ስልክ መዘገቡ።

አስተግፊሩላህ።

ሐሙስ

ዛሬ ማድረግ የነበረብኝ፦ ለጋሽ ይማም ደውዬ መኪናዋን እንዳይነዱ መንገር። ለሂክማ ደውዬ እውነቱን መንገር።

ያደረግኩት፦ በርበሬ ነፋሁ። መደርደሪያ ወለወልኩ። ስልኩን ሦስቴ አንስቼ አስቀመጥኩ። ምን ብዬ ልንገራቸው? «የሰጠሁዎትን ተሰረቀ ብዬ ለፖሊስ ነግሬብዎታለሁ» ይባላል?

ከሰዓት ራሳቸው በሱቄ ደጅ አለፉ። ጥሩምባ ነፉልኝና እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላም አሉኝ። ሮጬ ማስቆም ሲገባኝ ከበሩ ወጥቼ እጄን አውለበለብኩላቸው፣ ጥርሴን እያሳየሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ነገ፣ ከጁምዓ በኋላ እነግራቸዋለሁ።

ዓርብ

ነገ አልኩ አይደል።

አንዲት ደንበኛ ገባችና «ጋሽ ይማምን ፖሊስ ይዟቸዋል፣ መስጊዱ ጋ» አለች። ሱቁን ዘግቼ ሮጥኩ። ሁለት የፖሊስ መኪና። ጋሽ ይማም በነጭ ጀለቢያቸው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ። ሰላት የጨረሰው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

እኔ ከማዶ ነበርኩ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ። አልተሻገርኩም። ይሄን ለማንም አልናገርም፣ እዚህ ግን ልጻፈው፦ ወደ ሱቄ ልመለስ አስቤ ነበር።

ሂክማ ደወለች። «እማዬ! ሌባውን አገኙት! አሁን ፖሊሱ ኮል አደረገልኝ። ሽማግሌ ነው አሉ፣ እናትሽ ናት የሰጠችኝ ይላል፣ ካን ዩ ቢሊቭ ዛት? እናቴ አትዋሽም አልኩት።»

ስልኩን ዘጋሁ። ከዛ እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ለወጣቱ ፖሊስ «አይ ጊቭ ሂም። ኖ ስቲል። አይ ላይ» አልኩ፣ ዋሽቻለሁ ለማለት። አልገባውም፣ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። እየጻፈ ብዙ ተቆጣኝ፣ ደብዳቤ ሊመጣብሽ ይችላል አለ። ከዛ ሁለቱንም ታርጋ ፈትቶ «ያንቺ ነው» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ጋሽ ይማም ልብሳቸውን አራገፉ። ዞር ብለው አላዩኝም። ታርጋ የሌላት መኪና አትነዳም ስለተባሉ በእግራቸው ወደ ባቡሩ ሄዱ። እኔ ታርጋዬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በሰው መሃል አለፍኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ቅዳሜ

ለሂክማ ሁሉንም ነገርኳት። ቆማ ሰማችኝ።

«ለምን ኖ አላልሽውም?»

«አይባልማ ልጄ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ኦኬ። ለእኔስ? እኔንም ይሉኝታ ነው?»

ምሳውን ላቀርብ ተነሳሁ። ከዛ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ተናገረች፣ በፍጥነት። ግማሹ አመለጠኝ፣ ግን «እኔ ለፖሊስ ማልኩልሽ» የሚለው ገባኝ። ሳትቀመጥ ሄደች። የሠራሁላትን ምሳ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እሑድ

ጠዋት ሂክማ በሩን አንኳኳች። «ሰውየው ጋ እንሂድ» አለች፣ ሌላ ምንም። እኔ ሽማግሌ ልላክ እያልኩ ሳሰላስል ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው የተበደሉ ጊዜ ማን ይላካል?

ጋሽ ይማም ራሳቸው ከፈቱልን። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ። «ተይ፣ ተቀመጪ።» ሻይ ቀዱልን።  

«ዘይነብ፣ አልሰጥም ብትይኝ እሞት ነበር?»

«ክፉ ናት ይሉኛል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«አሁንስ?»

አቀረቀርኩ። ሂክማ በቅልቅል አማርኛዋ «ሶሪ ጋሼ። እናቴ አትዋሽም ያልኩት እኔ ነኝ» አለቻቸው። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ደግ አደረግሽ። እናቱን ያላመነ ማንን ያምናል?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ወላሂ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ስንወጣ «ይቅር ብያለሁ» አሉኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። ግን ድምፃቸው የማክሰኞው አልነበረም።

ሰኞ

ታርጋ ቢሮ ሦስታችንም ሄድን። ጋሽ ይማም ቁጥር ብቻ ያለው ተራ ታርጋ ወሰዱ። የእኔ ወደ አዲሷ መኪና ተዛወረ፣ ሂክማ ገጠመችው። ስታጠብቅ ብሎኑን ያለ ልክ አጠበቀችው። ከዛ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በምሳ ሰዓት ደወለች። ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ ብዬ ደነገጥኩ።

«ሶ፣ አምና የገዛሁልሽ ኮት። ወደሽዋል?»

አምና እያገላበጥኩ እሷን የመረቅኩበት ኮት ነው። ተነፈስኩ። «አልወደድኩትም። አንገቴን ይበላኛል።»

 «ኦኬ። ልደትሽ ቀን የሄድንበት ምግብ ቤትስ?»

«ርቦኝ ነው የተመለስኩት።»

ሳቀች መሰለኝ። ወይም አፍንጫዋን ጠረገች። «ሶፋውስ?»

ሶፋውን እወደዋለሁ። ከሱቅ ስመለስ እግሬን ዘርግቼ የማርፍበት እሱ ነው። «በጣም ወድጄዋለሁ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

በሃያ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።