ያለ ዓይን የታየ ፊልም

ጥር 14፣ ዓርብ። ጠዋት 1፡30

የአባዬን ጠብታ አደረግሁ፣ ፋሻውን ቀየርኩ። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት ሆኖታል፤ የቀኙ ሞራ ገና መገፈፉ ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ ያው፦ ጭስ የለም፣ ስግደት የለም፣ ከሁሉ በላይ ለቅሶ የለም። ፋሻው የሚፈታው ሰኞ ሳምንት።

አጎቴ ጋሽ ወርቁ ከገጠር፣ ከቀየት መጥተው ነበር። በር ላይ በሹክሹክታ አስጠነቀቁኝ፦ ፋሻው ሳይፈታ መርዶ የሚባል ነገር እንዳይነሣ። የወንድሜን የግርማን ነው። የሚነዳው የጭነት መኪና ከተገለበጠ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ። ለቀብሩ ስሄድ አባዬን ለስልጠና ነው ብያቸዋለሁ። ደብተሬ፣ እዚህ ቤት የማልዋሸው አንተን ብቻ ነው።

ጥር 15፣ ቅዳሜ። 10፡00

የማስተምርበት ት/ቤት የታሪክ አስተማሪ ፋሲል የት/ቤቱን ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ተውሶ መጣ። አባዬ መተኛት ሰለቻቸው ብዬው ነበር። ይዞ የመጣው ግን የድሮ የፈረንሳይ ፊልም፣ ጥቁርና ነጭ! ከታች በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሲሸምኑ የኖሩ የመንዝ ሰው፣ ባሕር የት ያውቃሉ። ጀልባ ማስረዳት አቃተኝ። ሳቁብኝ። ደስ አለኝ።

ዓሣ አጥማጁ ሚስቱን ተሰናብቶ ሲሄድ ሙዚቃው ፈጣን፣ ትከሻ የሚያስነቀንቅ። ከዚያ ብዙ ወሬ። ከዚያ ዝም። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። አንድ መሣሪያ ብቻ ይሰማል፤ መሰንቆ ይመስላል፣ ግን የጎረነነ። ምን እያደረገች ነው አሉኝ። ድንች እየላጠች አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሲሄድ የነበረው ዜማ ነው። ዜማው ተመለሰ፣ ሰውየው አልተመለሰም። እሷን ገና አልነገሯትም።"

ፋሲል እኔን አየ። እኔ መሬት መሬቱን።

ጥር 16፣ እሑድ

ያ ድምፅ አልለቀቀኝም። ቅዳሴ ላይ እንኳ። ከሙዚቃው ይልቅ የሚያስፈራኝ የሴትዮዋ እጅ ነው፤ ልጣጩ እንዳይበጠስ የምታደርገው ጥንቃቄ። ባሏ ሞቷል፣ ፊልሙን የምናየው ሁላችን እናውቃለን፣ እሷ ለልጣጭ ትጨነቃለች።

ከሰዓት አባዬ ሳይታከሙ በፊት የሸመኑትን ባና ዳር ዳሩን እየዳሰሱ፣ ግርማ መንገድ ሲያድር ይበርደዋል፣ ላኪለት አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ!

ጥር 18፣ ማክሰኞ

ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ያንን ዜማ ሳንጎራጉር ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ። አፈርኩ። ቤት ስገባ አባዬም ያንኑ ያንጎራጉራሉ። አንድ ጊዜ ሰምተው! ፋሲል ያቺን ቦታ ብቻ ይድገምልኝ አሉ። ካሴቱን መልሷል ብዬ ዋሸሁ። ቆይተው፣ ሰሞኑን እዚህ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ለምን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ሲሉ ጠየቁ። ለሕመምዎ ነው አልኩ። ሌላ አልጠየቁም። ምነው በጠየቁና በጮኹብኝ።

ጥር 20፣ ኀሙስ። ጠዋት 12፡40

ጠብታውን ይዤ ገባሁ። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ፣ እንደ ኀዘንተኛ። ሳያዩ ተሳስተው ነው ብዬ ላቃናው ስል እጄን ያዙኝ።

"አላለቅስም" አሉ። "በማርያም፣ ፋሻው እስኪፈታ አንዲት ጠብታ አላወርድም። ብቻ ንገሪኝ። ግርማ ነው ወይስ ታደሰ?"

ታደሰ! ታላቄ። አዲስ አበባ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ደኅና፣ ጤነኛ። እኛ አንዱን ስንደብቅ እሳቸው እነዚህን ቀናት ሁሉ ለሁለቱም ሲያዝኑ ከርመዋል። አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ሲቀብሩ።

ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ጓዳ ቆሜ ነው የምጽፈው። ጋሽ ወርቁ ይቆጡ፤ ከፈለጉ ይርገሙኝ። ልገባ ነው። አንዱን እንኳ ልመልስላቸው።