የኤላዲዮ መሐረብ

ይድረስ ለእትዬ ፊሎሜና፣ ፑንታ አሬናስ፤

እንደምን ከረምሽ? ያ የደቡብ ብርድ አላስቸገረሽም? እኛስ ከመስከረም ነፋስ በቀር የሚነካን የለም፣ ደህና ነን።

የነፃነት በዓላችን ዘንድሮ ደምቆ ዋለ። ሻንጣ ያዘሉ መንገደኞች ከየአገሩ መጥተው ዳሱን ከእኛ እኩል ሞሉት። አንዲት ረጅም የሆላንድ ልጅ ኩዌካ ካልጨፈርኩ ብላ መሀል ገባች። ኩዌካ ደግሞ ያለ መሐረብ አይሆንም። ባለቤቴን ኤላዲዮን ታውቂው የለ፣ አዛኝ ነው፤ እኔ የጠለፍኩለትን መሐረብ ለሷ ሰጥቶ እሱ በሶፍት ጨፈረ።

"ኦርቴንሲያ፣ ባልሽን ፈረንጅ ወሰደችብሽ!" አለችኝ ጎረቤቴ ሳቢና፣ አፏ ኤምፓናዳ እንደሞላ።

"ትውሰደው፣ ማንኮራፋቱንም ጨምራ!" አልኳት። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ክንዷን ይዞ ቺቻ ሊጋብዛት ወሰዳት። ወጉ ነው፣ ምን ይባላል? ቺቻው ግን መቼም አንድ ብርጭቆ ነው፣ ያን ያህል የሚያስቆይ በርሜል አይደለም።

መንገደኞቹ አሁን ወደ ተራራው ሄደዋል። ያቺ ረጅሟ ብቻ እግሬን ወለም አለኝ ብላ ከገበያው ጀርባ ካለው ማረፊያ ቀርታለች። በጭፈራው ጊዜ እንኳ እግሯ ደህና ነበር። ኤላዲዮም ሰሞኑን ሥራ በዝቶበት እያመሸ ነው የሚገባው፣ ያሳዝናል።

ትናንት ሱሪውን ላጥብ ስል መሐረቡን ከኪሱ አገኘሁት። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በወግ ታጥፏል።

በይ እንግዲህ፣ ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ስትመጪ ሌላ ምንም አልልሽም፣ ካውያ ብቻ ይዘሽልኝ ነዪ፤ የእኛው ከክረምት ጀምሮ ተቃጥሎ ተቀምጧል።

የምትወድሽ እህትሽ
ኦርቴንሲያ