የአባባ ፈረስ

ለማከብርህና ዓይንህን ለማየት ለምጓጓልህ ለወንድም ጋሼ ሽብሩ ወልደዮሐንስ፤

እንደምን ሰንብተሃል? የአስመራ ብርድስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ውዳሴስ፣ የተሰበረው እጇ ዳነላት ወይ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። የእማዬ ወገብ አንድ ቀን ይሻላታል፣ አንድ ቀን ይብስባታል። ከአባባ ሐዘንና ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ያ የአባባ አሮጌ ፒካፕ መኪና ከደጃፋችን ይነሣ፣ ቁርጥራጭ ብረት ለሚሰበስበው ነጋዴ ይሸጥ፣ የአባባ ስም በዝገት አይጠራ ብለሃል። እውነትህን ነው፣ ለዓይን አያምርም። ቆሞ ከቀረ ጀምሮ የዲላ ዝናብ አረንጓዴ ቀለሙን ልሶ ጨርሶታል። የጎረቤታችን የሙሉካ ዱባ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ወጥቷል፣ ዶሮዎቻችንም እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሹፌሩ መቀመጫ ላይ ነው። እኔም እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ እንዳንተው ሬሳ ነው እል ነበር።

አንተ መርዶው ሲደርስህ እኛ ሠልስት አውጥተን ነበርና ያን ቀን ያላየኸውን ልንገርህ። እንደምታውቀው የተከበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ በለቅሶው ፊት ይሳባል። አጎታችን ጋሼ ዘነበ ከይርጋለም ደርሰው፣ ወንድሜ ፈረስ ሳይሳብለት እንዴት ይለቀስለታል ብለው አንገበገባቸው። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ከጨለለቅቱ የወረዱ የቡና ገበሬዎች ጆንያቸውን ሳይሸጡ ለቅሶ መጥተዋል። ከእነሱ አንዱ ይርጉ ነው፤ ሚስቱን ምጥ ጠንቶባት አባባ በዚያ ሁሉ ጭቃ በዚሁ ፒካፕ ሐኪም ቤት ያደረሱለት። እሱ ወደ ፒካፑ ጠቁሞ፣ ፈረስማ አለ፣ ይኸው ቆሟል አይደል ወይ አለ። ጋሼ ዘነበ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ገበሬዎቹ ዱባውን ከመስኮቱ እያላቀቁ ነበር።

ጎማዎቹን በእጅ ነፉ። አንደኛው አየር አልይዝ ቢላቸው ደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅጥቀው ሞሉት። የአባባን ካፖርት ጣሪያው ላይ አለበሱት፣ ባርኔጣቸውን መብራቱ ላይ ሰቀሉለት። ከዚያ ልጓሙን የሚይዘው የበኩር ልጅ ነው ተባለ። አንተ የለህም። ሴት ልጅ መሪ አትነካም ስባል ያደግሁት እኔ፣ እያለቀስኩ ገብቼ መሪውን ያዝኩ። ወንድም ጋሼ፣ ያ ሞተ ያልነው መኪና በሰው ትከሻ እየተገፋ፣ እየተንገጫገጨ፣ ዳገቱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ወጣ። አንዴ እንኳ አላሳፈረንም! ከነዝገቱ እንዴት ግርማ እንደነበረው ባየህ። በአባባ ኮራሁ፣ በእሱም ኮራሁ።

እንዲያም ሆኖ ቃልህን አክብሬ ባለፈው ሳምንት ነጋዴውን ጠራሁት። ጎታች ሰዎችና ገመድ ይዞ መጣ። ሰዎቹ ግን የቱ መኪና እንደሆነ ሲያውቁት እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሁለቱ ያን ቀን ገፍተውታል። ይርጉም ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ነበርና፣ ለጌታው ያለቀሰ ፈረስ ለቢላ ይሰጣል ወይ ብሎ ነጋዴውን ጠየቀው። ነጋዴው ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

የበኩር ልጅ ነህና ፍርዱ ያንተ ነው። እኔ ግን በእጄ አሳልፌ አልሰጠውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለህ ተርትብኝ፤ እችለዋለሁ።

ጋሼ ዘነበ፣ ሙሉካና ልጆቿ፣ ይርጉም ጭምር ሰላም ብለውሃል። ውዳሴን በሁለት ጉንጯ ሳምልኝ። እማዬ ይህን ሳነብላት ሰማችኝና፣ ከአባባ ካፖርት ኪስ የመኪናውን ቁልፍ አውጥታ ከደብዳቤው ጋር ላኪለት አለችኝ። ሰላምታዋም ይኸው ነው፤ ልጄ መሸጥ ከፈለገ ይምጣና ራሱ አስነሥቶ ይንዳው ብላሃለች።

እኅትህ ጸሐይ ወልደዮሐንስ
ዲላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1963 ዓ.ም.