እጀታው ደህና ነው ስለተባለው ብሩሽና ስለ ደጊቱ

ለድርጅታችን የንብረትና የሥራ ክትትል ኃላፊ
ለክቡር ኦቦ ሚልኬሳ
ሰበታ

ጉዳዩ፦ ፀጉሩ ያለቀ የመስኮት ማጠቢያ ብሩሽ መቼ እንደሚቀየር እንዲያስታውሱን ስለመጠየቅ

ክቡር ኦቦ ሚልኬሳ፣ አካም ጅርቱ? እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ሱሉልታ ላይ የጀመሩት ቤት ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኔ ከብሩሼ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስሜን ረስተውት እንደሆነ ሰብለወርቅ ነኝ፤ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ድርጅታችን ውል የያዘባቸውን ሕንፃዎች መስኮት ከሚያጥቡት አንዷ። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ሥር ማስገባት ስችል መጋዘኑ በር ላይ የለጠፍኩትና በሠራተኞች ቴሌግራም የለቀቅኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ እስከ ዛሬ በቃል የነገርንዎትን ጆሮዎ ስላልያዘው፣ ምናልባት በዓይንዎ በኩል ቢገባ ብዬ ነው። ምስጋናዎቼንም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩ኛ. ብሩሽ የሚቀየረው እጀታው ሲሰበር ብቻ ነው፣ ስባሪውን ያላመጣ ሠራተኛም አዲስ አያገኝም የሚለውን መመሪያዎን በአክብሮት ተቀብለናል። እኛ ሞኞቹ መስኮት የሚያጥበው ፀጉሩ ይመስለን ነበር፤ እጀታው መሆኑን ስላስተማሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። ባልደረባችን ሌንጮ ትምህርቱ በደንብ ስለገባው፣ ራሰ በራ የሆነውን ብሩሹን ይዞ እጀታውን በጉልበቱ ሰበረና ስባሪውን አስረከበ። እርስዎም ቃልዎን አክባሪ ነዎትና አዲስ እጀታ ሰጥተው ያንኑ ራሰ በራ ብሩሽ ጫፉ ላይ አስገጠሙለት። የሌንጮ ጉልበት አብጦ ሰንብቷል፤ አሁን ትንሽ ተሽሎታል።

፪ኛ. ድርጅቱ አዲስ ብሩሽ የለውም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። አለን። መጋዘኑ ውስጥ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፣ ቡፌ ውስጥ እንደሚቀመጥ የእንግዳ ብርጭቆ። ውል የሚሰጡን ሰዎች ሊጎበኙን ከአዲስ አበባ ሲመጡ ላስቲኩ ይገለጥና ይታደለናል፣ እያጠብን ፎቶ እንነሣለን፣ የእንግዶቹ መኪና ሲመለስ ዓለም ገና ከተማ ሳይደርስም ብሩሾቹ ተሰብስበው፣ ውኃቸው ተራግፎ፣ ደርቀው ወደ ላስቲካቸው ይመለሳሉ። እኛ በዝናብም በአቧራም መሰላል ላይ ስንውል እነሱ ጣሪያ ሥር ማረፋቸውን ስናስብ፣ ቢያንስ ከመካከላችን ኑሮ የተመቸው አለ ብለን እንጽናናለን። ፎቶዎቹም በጣም ያምራሉ፤ እኔ ራሴ አንዱ ላይ አለሁበት።

፫ኛ. እዚህ ላይ ትህትናዬ ቢያልቅብኝ ይቅር ይበሉኝ። ባለፈው ሳምንት ባልደረባችን ደጊቱ ቡራዩ መንገድ ዳር ያለውን የዕቃ መሸጫ ትልቅ መስታወት ስታጥብ ጭረት አወጣችበት ተብላ ከሥራ ታገደች። መስታወቱ ተጭሯል፤ ሄጄ ስላየሁት አልክድም። የጫረው ግን ሱሉልታ ከጠጠር መፍጫው አጠገብ ያለውን ሕንፃ ስናጥብበት የከረምነው ብሩሽ ነው፤ ፀጉሩ መሐል ለመሐል ተበልቶ የተተከለበት ፕላስቲክ ከመስታወቱ ጋር የሚገናኝ፣ በቀረችው ፀጉር ሥርም የድንጋይ ብናኝ የጋገረበት ብሩሽ። ደጊቱ ይህንን ይዛ ቢሮዎ ደጋግማ መጥታለች። ጭረቱ በወጣበት ዕለት ጠዋት እንኳ መጥታ ነበር፤ እኔም ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ብሩሹን ሳይነኩ፣ ከስልክዎም ቀና ሳይሉ፣ «እጀታው ደህና ነው፤ ሂጂ ሥሪበት» አሏት። ሄደች፣ ሠራችበት።

አሁን ዓርብ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። የኮሚቴው ሰብሳቢም እርስዎ ነዎት፤ ፍትሕ እንዲህ ከቅርብ ሲገኝ ሩቅ መሄድ መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው። ደጊቱ ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት መሆኗን ያውቃሉ። በግዴለሽነት የደንበኛ ንብረት አበላሽታለች የሚል ወረቀት ይዛ ከወጣች፣ በዚህ ዙሪያ መስታወት የሚያስነካት ድርጅት እንደማይኖር ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ተናድጃለሁ፣ ኦቦ ሚልኬሳ። በትህትና የምጽፍልዎት ስድብ ጠፍቶኝ አይደለም።

፬ኛ. ጥፋቱ የተሠራበት ብሩሽ ለኮሚቴው ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል ብለን ጠብቀን ነበር። በማግስቱ ከመጋዘን ወጥቶ ለእኔ ተሰጠኝ።

፭ኛ. ከሁሉም የከነከነኝ ግን ይኸኛው ነው። እርስዎ ይህን ሥራ በወሬ አይደለም የሚያውቁት። እኔና ደጊቱ በተቀጠርን ሰሞን መሰላል ላይ ወጥተው ያሳዩን እርስዎ ነበሩ፤ ያኔ ቢሮ አልነበረዎትም፣ የሸሚዝዎም እጅጌ እንደ እኛው ከጠዋት እስከ ማታ እርጥብ ነበር። ብሩሹን አርጥባችሁ መስታወቱ ላይ ጫን አድርጉት አሉን፤ ፀጉሩ ወደ ጎን ተኝቶ ከቀረ፣ ውኃ መያዝ ካቆመ፣ ወይም ፕላስቲኩ ሲነካ ከተሰማችሁ በቃው፣ ለወለል ይሁን እንጂ መስታወት እንዳታስነኩት አሉን። አንድ ቀን እኔ ገና ይሠራል ብዬ የያዝኩትን ብሩሽ ከእጄ ቀምተው፣ የሰው መስታወት ከምታበላሺ ከእኔ ጋር ብትጣዪ ይሻላል ብለው ቆሻሻ ውስጥ ሲጥሉት ቅር ብሎኝ ነበር። ለካ ልክ ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ አላወቁም ብዬ ልከራከርልዎ አልችልም። ባያውቁ ኖሮ ይቅር ባልኩዎት ነበር።

ልመናዬ ይህን ያህል ነው፦ ዓርብ ኮሚቴው ፊት ያኔ የነገሩንን ይድገሙልን፣ ደጊቱም ወደ ሥራዋ ትመለስ።

ለእጀታዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ፣ በላስቲክ ውስጥ ላሉት ብሩሾች ሰላማዊ እንቅልፍ፣ ለክቡርነትዎም ጭረት የሌለበት መስታወት እየተመኘሁ፣ ያስተማሩኝን እስከ ዛሬ ያልረሳሁ ተማሪዎ ነኝ።

ሰብለወርቅ ወንዳፍራሽ

ግልባጭ፦
ለሌንጮ ጉልበት
ለመጋዘኑ በር

ተጨማሪ፦ የሥራ ተራ ሰሌዳውን አይቼ ነበር። ዓርብ ጠዋት የስብሰባ አዳራሹን መስኮት ከውጭ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ያንን ዘንድሮ ያስገቡትን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሰውን አዲስ መስታወት። የያዝኩትም ብሩሽ ያው የደጊቱ ነው። ኮሚቴው ሥራውን ሲጀምር እኔም መስታወቱ ላይ ጫን አድርጌ እጀምራለሁ። ብሩሹ ደህና ከሆነ ዝም ብለው ስብሰባዎን ይምሩ። «ተይ!» ብለው ከወንበርዎ ከተነሡ ግን፣ ደጊቱ እዚያው ፊት ለፊትዎ ተቀምጣለችና፣ እሷም እንድትሰማው ጮክ ብለው ይበሉት።