አባትህ እምቢ ያለው ሁለተኛ ናሙና

ልጄ፣ ደጁ ሁሉ ይከፈትልህ፤ ክፉ አይንካህ። ጣሪያው ተጠግኖ ማፍሰሱን አቁሟል። የአባትህ ነገር ግን አሳስቦኛል። ፕሮስቴት ከሚባለው የወንዶች እጢ በመርፌ ናሙና ወስደው ሲያዩት፣ ሐኪሙ «ካንሰር መሆን አለመሆኑ በተለመደው ቀለም አልለየልኝም» አለ። በላብራቶሪ የተመረቀችው እህትህ እንዳስረዳችኝ፣ በፀረ እንግዳ አካል የሚሠራ ሌላ ቀለም አለ፤ ጤነኛ እጢ ሲቀባ ዙሪያውን ቡናማ አጥር ያወጣል፣ አጥሩ ከጠፋ ግን ካንሰር ያሰጋል። የተረፈው ናሙና ለዚህ ስላነሰ እንደገና መወሰድ አለበት።

አባትህ «ወንፊት ልታደርጉኝ ነው?» እያለ ይቀልዳል፤ ሳህኑን ግን እንደቀረበለት ይመልሰዋል። «ለልጁ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብሎኛል። እኔን እሺ አላለኝም፤ አንተን እምቢ አይልህም። እባክህ ደውልና ለምንልኝ።

ዕድሜ ይስጥህ፣ በጤና ያገናኘን። እናቴ ነገረችኝ ብትለው ይቆጣኛል። ይቆጣኝ፤ ብቻ የሚቆጣኝን አያሳጣኝ።

እናትህ