የቤቱ ውል ታደሰ

ይድረስ ለልጄ ለሃኒ፣

ጅጅጋ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የአዳማ ሙቀት ብቻ መላወሻ ነሳን።

የፎቁ ቤታችን የኪራይ ውል ታደሰልን። ባለውሉ ራሱ ይቅረብ ስላሉ ከአባትሽ ጋር ወደ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄድን። ጸሐፊዋ "አባባ፣ የት ነው የሚኖሩት?" ስትለው "ወንጂ፣ ሠራተኞች ሰፈር" አላት። ስኳር ፋብሪካውን ሲለቅ እኮ አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር። ልጅቷ ወደ እኔ ስታይ "ቀልድ ይወዳል" ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ፈርሞ ስንወጣ የባጃጁን ሹፌር ወደ ወንጂ እንዲነዳ አዘዘው። ግራ ቢገባኝም አብሬው ሄድኩ። የድሮው ቤታችን ደጅ ቆሞ "በራችንን ማን ቀለም ቀባው?" ብሎ ጠየቀኝ። ክንዱን ይዤ ወደ ባጃጁ መለስኩት። ፀሐዩ ይሆናል፤ ያን ቀን ኮፍያውን ረስቶ ነበር የወጣው። ምሳውን ግን ደህና አድርጎ በላ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ስትመጪ ግን እንደ ልማድሽ ከኋላው መጥተሽ ዓይኑን በእጅሽ እንዳትሸፍኚው። ፊት ለፊት ግቢና መጀመሪያ "ሃኒ ነኝ" በይው።

በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ አበዛሽ