በአንድ ምንጣፍ የደረቀ ባሚያ

ውድ እህቴ ሳሊማ፣

ከሞትሽ ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀን ሆነ። እንደማትመልሺልኝ እያወቅሁ እንኳ ይህን ልነግርሽ እፈራለሁ።

ነገ ትምህርት ቤት ክርክር አለብኝ። ርዕሱ «ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ስምምነት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነው። መምህር ደባልቄ «ይጠቅማል» ከሚለው ወገን መደቡኝ። «አልአሚን የድንበር ልጅ ነው፤ ስለ ንግድ እሱ ካልተናገረ ማን ይናገራል?» ሲሉ ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወንዝ እንደወሰደሽ ያውቃሉ። ወደ ወንዙ ማን እንደላከሽ ግን አያውቁም።

መስከረም ላይ ያንን የኢኮኖሚክስ ወረቀት ይዤ የመጣሁበት ቀን ትዝ ይልሻል? አንቺና ጎረቤታችን ዓኢሻ ድንበር ማዶ ወስዳችሁ የምትሸጡትን ባሚያ ግቢ ውስጥ ትከትፉ ነበር። እኔ ቆሜ እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን አወፍሬ አነበብኩላችሁ። ቀረጥ ይቀንሳል፣ ድንበር ላይ ያሉ ትናንሽ ነጋዴዎች ሰፊ ገበያ ያገኛሉ ይላል። አንቺ ቢላዋሽን አስቀመጥሽ።

«ወላሂ? ቀረጥ የለም?»

«ተፈራርመዋል እኮ!» አልኩሽ፣ የፈረምኩት እኔ ይመስል።

ዓኢሻ ሳቀችብን። «በሩ ከተከፈተ ቀድሞ የሚያልፈው የትልልቆቹ መኪና ነው። የኛ አህያ ከኋላ ሆና አቧራ ትበላለች። የማዶው ርካሽ ዕቃ ሲገባስ የኛን ማን ይገዛናል?»

«አቧራውን ልብላ፣ ብቻ በመንገድ ልሂድ» አልሻት። «እንደ ሌባ በጫካ መዞር ሰልችቶኛል።»

እኔም «እንግዲያው በኬላው ሂጂ» አልኩሽ። እናታችን ሙቀጫው ላይ እንዳጎነበሰች «ከጠየቁሽ አትዋሺ፤ በውሸት የተሸጠ በረከት የለውም» አለች።

ሳሊማ፣ አንድ መስመር ዘልዬ ነበር። ከቀረጥ ነፃ የሚያልፈው እዚሁ አገር የተመረተ ዕቃ ብቻ ነው፣ ለዚያም ማስረጃ ያስፈልጋል ይላል። የዘለልኩት ስላልገባኝ ነው። አልገባኝም ለማለት አፈርኩ።

ኬላው ላይ የሆነውን አብራሽ የሄደችው ዓኢሻ ነገረችኝ። ሰውየው ጆንያውን ፈትቶ «የት የበቀለ ነው?» ሲልሽ «ግማሹ እዚህ ሆሞሻ፣ ግማሹ ማዶ አክስቴ ኸድራ እርሻ» አልሽው። ሌላ ምን ትይዋለሽ? ከአያታችን ጊዜ ጀምሮ የሁለቱ እህቶች ባሚያ የሚደርቀው በአንድ ምንጣፍ ነው። አክስታችን ከማዶ ትልካለች፣ እናታችን ከራሷ ጋር ትቀላቅለዋለች፣ ሲደርቅ በሳህን ይካፈላሉ። የቱ የማን እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። ሰውየው ጠየቀ።

«እንግዲህ ይሄ የኛም አይደለም፣ የነሱም አይደለም» አለሽ። ስምምነቱን ስታነሺበት «እሱ ገና እዚህ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ካገኘሽው ሰላም በይልኝ» ብሎ ሳቀብሽ። የያዝሽው አራቱም ጆንያ ተወርሶ እዚያው ቀረ።

ስትመለሺ ምነው በሰደብሽኝ! «አንተ ዶክተር፣ ወረቀትህ ኬላ አያልፍም» ብለሽ ፀጉሬን ብቻ አሻሸሽኝ። በሳምንቱ ቤት የቀረችውን አንዲት ጆንያ ተሸክመሽ በጫካው መንገድ ሄድሽ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ዓኢሻ «ጣዪው! ጆንያውን ጣዪው!» ብላ ጮኸችብሽ። አልጣልሽውም።

ከዚያ ወዲህ እናታችን «ልጄን የገደላት የኸድራ ባሚያ ነው» ትላለች። ለለቅሶ የመጣችውን እህቷን ከደጅ መለሰቻት። አክስታችን አጥሩን ይዛ ስታለቅስ እኔ በመስኮት አያለሁ። መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም።

ከትናንት በስቲያ አክስታችን ምንም እንዳልተፈጠረ አንድ ጆንያ የተከተፈ ባሚያ ላከች። እናታችን አላስገባችውም፤ አጥር ሥር ተጥሎ ዋለ፣ አደረ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ መሽተት ጀምሯል። እዚያው ቆሜ ለእናታችን ነገርኳት።

«ወረቀቱን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። በኬላው ሂጂ ያልኳትም እኔ ነኝ። ኸድራ ምንም አላደረገችም።»



«መች ጠፋኝ?» አለች። «እኔስ እዚያው አልነበርኩም? አትዋሺ ያላት ማን ነው?»

ተቃቅፈን የተላቀስን እንዳይመስልሽ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ገባች። ጆንያውን ብቻዬን ጎትቼ አስገባሁት፤ የተበላሸውን ጥዬ የተረፈውን ምንጣፍሽ ላይ ዘረጋሁ። ቆየት ብላ የራሷን በሰፌድ ይዛ ወጣችና በምንጣፉ ሌላ ጫፍ ደፋችው። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። አሁን አጠገቡ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ነገ «ይጠቅማል» እላለሁ፤ አንቺ አምነሽበት ነበርና። ገበያው ይሰፋል፣ ሳሙናና ስኳር ይረክሳል፣ በጫካ መዞር ይቀራል እላለሁ። ዓኢሻ ያለችው ሁሉ እውነት እንደሆነም አውቃለሁ፤ ለተቃራኒው ወገን አንድም አልክድባቸውም። ያቺን የማስረጃ መስመርም አነባታለሁ። አልዘላትም።

ከመሄዴ በፊት ግን ባሚያው መገላበጥ አለበት። የምገለብጠው እኔ ነኝ። ሁለቱን ቀላቅዬ ያንን ባዶ ቦታ እደፍነዋለሁ፣ እናታችን ብትጮህብኝም። ከዚያ በኋላ የቱ የት እንደበቀለ ቢጠይቁኝ አላውቅም እላለሁ። ያም ውሸት አይሆንም።

መስመር ዘልሎ ያነበበልሽ ወንድምሽ፣
አልአሚን